አርብ አርብ ራሱን የሚያውቅ ሰው

ጥናት ልታደርግ የመጣችውን ልጅ መጀመሪያ ሳያት ምድጃ ልትገዛ የመጣች መስሎኝ ዋጋ ጠራሁላት። ከፍ አድርጌ ነው የጠራሁት፤ ጫማዋ ንጹሕ ነበር።

ልጅቷ ግን ምድጃ አልፈለገችም። አብራት የመጣችው የወረዳችን ጤና ሠራተኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እትዬ፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣችው። የቤት ውስጥ ጥቃት እናቶችንና ልጆችን ምን እንደሚያደርጋቸው ታጠናለች። እርስዎ ብዙ ያውቃሉ ብዬ ነው ያመጣኋት" አለችኝ።

ደነገጥኩ። ብዙ እንደማውቅ በምን አወቀች? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም ትንፍሽ ያላልኩ ሴት ነኝ። በዚህ እኮራ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ግን ጉዳዬን የማያውቅ ሰው ቢፈለግ ከሌላ ክፍለ ከተማ ነበር የሚመጣው።

የምኖረው ምን አለሽ ተራ ነው። አሮጌ በርሜል የሚቀደድበት፣ የሚቀጠቀጥበት፣ ምድጃና ባልዲ ሆኖ የሚወጣበት ቦታ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የመዶሻ ድምፅ አያባራም። እዚህ የኖረ ሰው ሲያወራ ይጮኻል፤ መጮኹን ግን አያውቀውም። ባሌም ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር። አሁን ሞቷል። ነፍሱን ይማር እላለሁ፣ ሰው ካለ። ከሞተ ወዲህ ወርክሾፑን ለሁለት የወሎ ወንድማማቾች አከራይቼ፣ እነሱ የሠሩትን እኔ ደጅ ላይ ተቀምጬ እሸጣለሁ። መኖሪያዬ ከወርክሾፑ ጀርባ ነው፤ መሀላችን ያለው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው።

ልጅቷን እምቢ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ግን ወረፋ ይዘው የሚጠብቁኝ ሰዎች ትዝ አሉኝ። አንደኛው ሽማግሌው ነው፤ ከባሌ በሸሸሁ ቁጥር እያስታረቀ የሚመልሰኝ የሰፈራችን ትልቅ ሰው። "ጥሩ ሰው ነው፣ ሲናደድ ራሱን አለማወቁ ነው እንጂ" ይለኝ ነበር። ይህን ብሎ፣ ዶሮዬን በልቶ፣ መርቆኝ ይሄዳል። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ የለም። ሁለተኛዋ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት፤ ባሌ እኔ ላይ ሲነሳ ሬዲዮዋን ከፍ ታደርግ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ስም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲነበብ ታየኝ።

"ስማቸው በሙሉ ይጻፋል?" አልኳት።

"አይጻፍም እትዬ። የማንም ስም አይጻፍም፣ የእርስዎም።"

"ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?"

ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እዚህም ስም ያልጻፍኩት ከእሷ ተምሬ ነው እንጂ ምሬያቸው አይደለም።

እናቶቹን ብቻ ሳይሆን ያደጉ ልጆቻቸውንም ለየብቻ እንደምታነጋግር ነገረችኝ። "ልጅማ አለችኝ" አልኩ። "እሷ ግን ምንም አታውቅም። በከንቱ ታደክሚያታለሽ።"

ልጄ ያን ሰሞን እኔው ዘንድ ነበረች። አንድ ጠዋት የልጅ ልጄን በእጇ ይዛ፣ ጉንጯ አብጦ መጣች። "በር መታኝ" አለችኝ። አልመረመርኳትም። የእኛ ቤት ሴቶች ከበር ጋር ሳንስማማ ነው የኖርነው፤ እኔም በጊዜዬ ለጠየቀኝ ሁሉ የምከሰው በሩን ነበር። ባሏ በአንዋር መስጊድ በኩል የጨርቅ ሱቅ አለው። ለደንበኛ ባለው ትሕትና የታወቀ ነው፤ ልጄን ሲያገባ እኔም የተመካሁት በዚያ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌው፣ ያው የእኔው ሽማግሌ፣ "መጥተን እናስታርቃቸዋለን፣ ቀኑን አንቺ ወስኚ" ብሎ ላከብኝ። እንዲህ ባለ ሽምግልና ላይ ከሴቷ እናት የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው፤ "ይሁን።" እኔም ቃሏን አዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ። ሌላ ቃል የት ተምሬ።

በዚህ መሀል ያስደሰተኝ ነገር ቢኖር የልጅ ልጄ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። ከመጣች ማግስት ጀምራ ከምድጃዎቹ አጠገብ ቆማ "ግቡ! ግቡ! የሚያምር ምድጃ!" ትላለች። ጠዋት ዓይኗን ስትከፍት የመጀመሪያ ጥያቄዋ "አያቴ፣ ዛሬ ደንበኛ ይመጣል?" ነው። ደንበኛ ሲሄድ ልብሱን ትይዛለች። ሱቅ ስንዘጋ ታለቅሳለች። ተራው በሙሉ ጉድ አለ። "ነጋዴ ተወለደችልሽ" አሉኝ። "ደሟ ነው" አልኳቸው። እናቷ ምድጃ ከባልዲ ለይታ ሳትሸጥ አድጋ፣ ጥበቡ ዘሎ እሷ ላይ እንዳረፈ ለሚሰማውም ለማይሰማውም አወራሁ።

ለቃለ መጠይቁ ቀጠሮ ስንይዝ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጥናት የምታደርገው ልጅ ጸጥ ያለ ቢሮ አለን ብላኝ ነበር።

"ጸጥ ያለ ቦታማ ሰው ይሰማል" አልኳት።

የእኛ ተራ ሰው ሚስጥር የሚያወራው መዶሻው በደመቀበት ሰዓት ነው። ረፋድ ላይ፣ ወንድማማቾቹ በርሜል ሲያቃኑ፣ ጓዳዬ አስቀመጥኳት። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ መቅረጽ ጀመረች። አወራሁ። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም። ሽማግሌውን ከነዶሮው አነሳሁት። ጎረቤቴን ከነሬዲዮዋ። ባሌንም አልተውኩትም፤ የእሱን ግን እዚህ አልደግመውም። ልጅቷ አንገቷን ወደ እኔ አስግጋ፣ ዓይኗን ከከንፈሬ ሳትነቅል ታዳምጠኝ ነበር። ያሳደጓት ልጅ ናት ብዬ መረቅኋት።

በማግስቱ ደወለች።

"እትዬ፣ የቀረጽኩት አይሰማም።"

"እንዴት አይሰማም?"

"ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዶሻ ነው። እኔም እዚያው ሆኜ ግማሹን አልሰማሁዎትም። ማቋረጡ ከብዶኝ ነው።"

"ያን ሁሉ ተናግሬ ቆርቆሮ ቀርጸሽ ሄድሽ!"

"አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥርት ብሎ ይሰማል።" ወንድማማቾቹ ሻይ ሊጠጡ መዶሻ ያስቀመጡ ጊዜ መሆን አለበት።

"ምን እላለሁ?"

"'ልጄ ግን ምንም አታውቅም' ይላሉ።"

ስለዚህ ወደ ቢሮው መሄድ ግድ ሆነ። ልጄም እኔ ሳላስበው እሺ ብላ ስለነበር አብረን ሄድን። እሷ ኮሪደሩ ላይ ተራዋን ልትጠብቅ ተቀመጠች፤ እኔ ገባሁ። ክፍሉ ጸጥታው ያስፈራል። ወንበሩ እንኳ ሲነቀነቅ ይሰማል። እንደ ልማዴ ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ በሩ ተከፈተና ጥበቃው አንገቱን አስገባ።

"ሰላም ነው እዚህ?"

"ሰላም ነው፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ነን" አለችው ልጅቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "እትዬ፣ እዚህ ቀስ ብለው ቢናገሩም ይሰማል" አለችኝ።

ቀስ ለማለት ሞከርኩ። ቀስ ብዬ ስናገረው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በጩኸት ሲነገር የምገላገለው ነገር ነው፤ በዝግታ ሲነገር ግን እያንዳንዱ ቃል አፌ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ መልሼ ጮኽኩ።

"ያኔ ልጅዎ የት ነበረች?" አለችኝ።

"ጓዳ! መዶሻ እየጮኸ ምን ትሰማለች?"

"ያማት ነበር? እንቅልፍ፣ ምግብ..."

"ሆዷን ያማት ነበር። ትል ነው ብዬ ያላጠጣኋት መድኃኒት የለም። ያ ትል ግን ልቡ ደንዳና ነበር፣ አንድም ቀን አልወጣም።"

ልጅቷ አልሳቀችም። "ካነጋገርኳቸው እናቶች ብዙዎቹ ልጄ አታውቅም ይሉኛል" አለች። "ልጆቹ ሲገቡ ግን የሚነግሩኝ ሌላ ነው።"

ይህን አባባሏን አልወደድኩትም። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ልጄ ከወንበሯ ተነሳች።

"ትንሽ ሰማሽ እንዴ?" አልኳት።

"ሕንጻው በሙሉ ነው የሰማው እማዬ። ሊፍቱ እንኳ ቆሞ ሲያዳምጥሽ ነበር።"

ተራዋ ደርሶ ገባች። እሷ ስታወራ ከውጭ ምንም አይሰማም። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነበር፤ ጥበቃው አየኝና ወንበር አቀረበልኝ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የኋላውን ወንበር ይዘን ተቀመጥን።

"ምን ብለሽ ነገርሻት?"

"ስለ ጁምዓ ነገርኳት።"

እኛ ክርስቲያኖች ነን። ልጄ በልጅነቷ ግን ከሳምንቱ ሁሉ አብልጣ የምትወደው አርብን ነበር። ሌላው ልጅ ቅዳሜን ሲጠብቅ እሷ ከሐሙስ ጀምራ "ነገ ጁምዓ ነው አይደል?" ትላለች። የንስሐ አባታችንን እንኳ ግራ ገብቷቸው ያውቃል። አርብ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሮጣ ጉልበቴ ሥር ትቀመጥና "ጸጉሬን ሥሪኝ" ትላለች፤ በሌላ ቀን ማበጠሪያ አታስነካኝም። በመንገዱ ላይ የሚፈሰው ሰጋጅ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲታይ፣ ደስ ስለሚላት መስሎኝ ኖሬያለሁ።

"ሕዝቡን ስለምትወጂ ነዋ" አልኳት።

"መዶሻው ስለሚቆም ነው እማዬ። ሁሉም ለሰላት ሲሄድ ተራው ጸጥ ይላል። ጸጥ ሲል ሰው ይሰማል። ሰው ከሰማ አባዬ አይመታሽም። እንዲያውም ብርቱካን ይልጥልሽ ነበር።"

"ብርቱካን?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

ሰው ሰምቶ ጨርሷል። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ወደ እኛ ዞሯል።

የብርቱካኑ ነገር እውነት ነው። ልጣጩን ሳይቆርጥ እንደ ገመድ አዙሮ አውጥቶ፣ ፍሬ በፍሬ ለይቶ ያቀርብልኝ ነበር። አርብ ነበር ለካ። እኔ የማውቀው ብርቱካን መብላቴን ብቻ ነው፤ ቀኑን የያዘችው ልጄ ናት። ያን ሁሉ ዘመን "ሲናደድ ራሱን አያውቅም" ሲሉኝ አምኜ፣ እንደ በሽተኛ አዝኜለት ኖሬያለሁ። በሽታው ግን የሰላት ሰዓት ያውቅ ነበር።

ይህን እያብሰለሰልኩ አደርኩ። ጠዋት የልጅ ልጄ እንደተለመደው ዓይኗን ገና ሳትገልጥ "አያቴ፣ ዛሬ ደንበኛ ይመጣል?" አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ግንባሯን ስሜ "ነጋዴዬ" ብያት እነሳ ነበር። ያን ቀን ግን መልሼ ጠየቅኋት።

"ደንበኛ ለምን ትወጃለሽ እናቴ?"

"ደንበኛ ካለ አባዬ ይስቃል" አለች። አንድ የማያውቅ ልጅ የጠየቃት ይመስል ነበር አነጋገሯ። "ሲወጡ ነው..." ብላ ተወችው። ቀጥሎ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

ነጋዴ ተወለደችልኝ ብዬ ተራውን ያደነቆርኩት እኔ ነኝ! አንድ የመርካቶ ሴት የልጅ ልጇ ደንበኛን ልብሱን ይዛ ስታስቀር ብታይ ሌላ ምን ታስባለች? ፈርታ ነው ብላ? አይደለም፤ ሱቅ እከፍትላታለሁ ነው የምትለው። እኔም ቦታውን መርጬ ነበር።

ያኔውኑ ለሽማግሌው ደወልኩ። "ጋሼ፣ አርብ እኩለ ቀን ላይ ይምጡ። በዚያ ሰዓት ጸጥ ይላል፣ እንሰማማለን።"

"መልካም አሰብሽ ልጄ" አለኝ። ደስ አለው።

አርብ መጣ። ከእሱ ጋር ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እነዚያ የመጡት ራሳቸውን ሊነቀንቁ ነው። አማቼ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ልጄ አጠገቤ ናት። የልጅ ልጄን ደጅ አስቀምጬ ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ሰጥቻታለሁ። ወንድማማቾቹ እጃቸውን ታጥበው ወደ አንዋር ከሄዱ ቆይተዋል። ከተራው አንድም መዶሻ አይሰማም።

"እንግዲህ" አለ ሽማግሌው፣ "ባልና ሚስት ይጋጫል። ልጁ ጨዋ ልጅ ነው፣ ገበያው በሙሉ ይመሰክርለታል። ጥፋቱ ሲናደድ ራሱን አለማወቁ ነው። ይህን ደግሞ ከአንቺ በላይ የሚረዳ የለም፤ የአንቺም እንዲሁ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና።"

ሁለቱ ነቀነቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቃሌን ነው የሚጠብቁት።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።"

"ጠይቂ።"

"ባሌ ራሱን አያውቅም ነበር?"

"ሲናደድማ ይጨልምበት ነበር።"

"አርብ አርብ በዚህ ሰዓት እንዴት ይበራለት ነበር?"

አልገባውም። አስረዳሁት። መዶሻው ሲቆም እንደሚቆም፣ መዶሻው ሲጀምር እንደሚጀምር፣ ብርቱካኑንም ሳይቀር ነገርኩት። በዝግታ ያስረዳሁት መስሎኝ ነበር፤ ልጄ ግን ሁለት ጊዜ ጉልበቴን ነካ አድርጋኛለች።

"እኔ እንኳ ሳላስበው ነው እማማ" አለ አማቼ። "ስሜቴ ቀድሞኝ ነው።"

"ደንበኛ ጣቃ ሙሉ ጨርቅ ሲያስተረትርህ ውሎ፣ አጣጥሎብህ፣ ሳይገዛ ሲወጣ ትናደዳለህ?"

"እናደዳለሁ።"

"ትመታዋለህ?"

"እንዴ! ደንበኛን?"

"ራስህን ታውቃለህ ማለት ነው።"

ከሁለቱ ነቅናቂዎች አንዱ ሳያስበው ነቀነቀ። ሽማግሌው ገላመጠው።

"ሕፃኗስ?" አለ ወደ እኔ ዞሮ። "አባት አያስፈልጋትም? ደግሞ ለንግድ የተፈጠረች ናት አሉ፣ አንቺው አይደለሽ የምታወሪው። አባቷ ሱቅ ውስጥ ብታድግ..."

"ደንበኛ የምትወደው ደንበኛ ሲኖር እናቷ ስለማትመታ ነው" አልኩት። "ለእሷ አርብ ማለት ደንበኛ ነው።"

አማቼ ይህን ሲሰማ ቀና አለ፤ ከዚያ ወደ ደጅ አየ። የልጅ ልጄ ቆርቆሮውን ድንጋይ ላይ እየቀጠቀጠች ነበር። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ለማወቅም አልደከምኩም፤ የአንዱን ልብ ሳውቅለት ዕድሜዬ አልቋል።

በዚህ ጊዜ ልጄ፣ "አልመለስም" አለች።

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ሌላ ቀን ቢሆን ከአጠገቧ ያለሁት እኔም አልሰማትም። አርብ ስለሆነ ግን ሁላችንም ሰማን።

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። "አንቺስ ምን ትያለሽ? እናት ነሽ።"

ያዘጋጀሁት አንድ ቃል ነበረኝ አይደል? እሱኑ ተናገርኩ።

"አልመለስም ብላለች። ይሁን።"

ዶሮ አልሠራሁም ነበር። ውሃ ጠጥተው ሄዱ። አማቼ ሲወጣ ልጁን ጎንበስ ብሎ ሳማት፤ እሷም ተሳመች፣ ከዚያ ወደ ቆርቆሮዋ ተመለሰች። እኔ ስወጣ ወንድማማቾቹ ከሰላት ተመልሰው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ሥራ አትጀምሩም እንዴ?"

"እትዬ ይጨርሱ ብለን ነው" አለኝ ትልቁ። ትንሹ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ጎረቤቴም በሯ ላይ ነበረች። "ሬዲዮዬ ተበላሽቶብኝ ነው" አለችኝ ሳልጠይቃት።

"አይዞሽ" አልኳት፣ "ዛሬ ሬዲዮው እኔ ነበርኩ።" ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን። ይቅር አላልኳትም፤ ሳቁ ሌላ ነው።

ጥናት የምታደርገው ልጅ አሁንም አንዳንዴ ትደውላለች። ሥራዋን ስትጨርስ ለእኔና ለልጄ ልታነብልን ቃል ገብታለች። ስም እንደማይኖረው አውቃለሁ። ምንም አይደል፣ ስታነብ እያስቆምኳት ማን ማን እንደሆነ እኔ እነግራታለሁ።

ልጄ እዚህ እኔው ዘንድ ናት። የልጅ ልጄ ንግድ ግን ከሰረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ስለ ደንበኛ መጠየቋን ተወች። ከዚያ መጣራቷን ተወች። ባለፈው ሳምንት ለውሃ ገባ ብዬ ስመለስ አንዲት ሴትዮ ከትልቁ ምድጃ ፊት ቆማ ዋጋ ትጠይቃለች። ወራት ሙሉ የሚያነሳው ያጣ ምድጃ ነው። የልጅ ልጄ መሬት ተቀምጣ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ ቤት እየሠራች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

"ዝግ ነው" አለቻት። "እየተጫወትኩ ነው።"

ሴትዮዋ ሳቀችና ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄደች። ተከትዬ ልጠራት አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ጩኸቴ የልጅ ልጄን ያስደነግጣታል። ምድጃው አሁንም ደጄ ላይ ነው። ተራው ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ? ነጋዴ አይወጣትም እላለሁ።